ፖሊስን ከሚቆጣጠሩት ሰዎች አንዷ ልሁን ወይ? ለአንዲት የሜሪላንድ ነዋሪ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ ግዛት ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ ሥራዬ ነርስነት ነው። የካውንቲያችን የፖሊስ ተጠያቂነት ቦርድ አዳዲስ አባላት እንደሚፈልግ ከተሰማ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አማርኛ የሚናገር አንድ ሰው ቢገባበት ይጠቅመናል እያሉ እኔን ይገፋፉኛል። ባለቤቴ ግን ቦርዱ የይስሙላ ነው፤ ፖሊስን የሚያውቀው ፖሊስ ነው፤ ሲቪል ምን ያደርግለታል ይላል። እውነት ሲቪሎች ፖሊስን ሲቆጣጠሩ በሕዝቡና በፖሊሱ መካከል መተማመን ይፈጠራል? የሚፈጠር ከሆነስ እኔ ገብቼ ምን ልሠራ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ውድ እኅቴ፣

ባለቤትዎ ከተናገሩት ከፊሉ እውነት ነው። በሜሪላንድ ሕግ የተቋቋመው የፖሊስ ተጠያቂነት ቦርድ በራሱ መርማሪዎች የሚያካሂደው ምርመራ የለውም፤ ጥፋት የተገኘበትን የፖሊስ አባልም ራሱ አይቀጣም። ከውጭ ለሚያየው ሰው በየሦስት ወሩ ተሰብስቦ ከመለያየት ያለፈ ሥራ ያለው ላይመስለው ይችላል። ነገር ግን ያው ሕግ ቀድሞ በፖሊስ አለቆች እጅ ብቻ የነበሩ ጥቂት ውሳኔዎችን አንሥቶ ለሲቪሎች ሰጥቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ የፖሊስ ኃላፊው ቅር ቢለው እንኳ ዝቅ ሊያደርጋቸው የማይችላቸው አሉ። ቦርዱ የይስሙላ የሚሆነው እነዚህ ሥልጣኖች በወረቀት ላይ ተኝተው ሲቀሩ ነውና መልሴ በአብዛኛው ስለ እነርሱ ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪላንድ በ1974 ለፖሊስ አባላት ልዩ የመብት ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። ሕጉ የዲሲፕሊን አቤቱታ የቀረበበት የፖሊስ አባል በማን፣ መቼና እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ጉዳዩንም ማን እንደሚያይ በዝርዝር ይወስን ነበር። ለምሳሌ የተጠረጠረው አባል ተወካይ ይፈልግ ዘንድ ቃል የሚሰጥበት ጊዜ እስከ ዐሥር ቀን ሊዘገይለት ይችል ነበር፤ ይህ በ2016 ወደ አምስት የሥራ ቀናት ዝቅ ተደርጓል። ጉዳዩን የሚያዩት በአብዛኛው ከራሱ ከፖሊስ ወገን የተውጣጡ ሰዎች ነበሩ፤ የምርመራ መዝገቡም እንደ ሠራተኛ የግል ማኅደር ስለሚቆጠር ለሕዝብ ዝግ ነበር። በሚያዝያ 2015 ፍሬዲ ግሬይ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ባልቲሞር ውስጥ በፖሊስ ተይዞ በመኪና ሲወሰድ በደረሰበት የአከርካሪ ጉዳት ሞተ፤ ከተማዪቱ ታወከች፤ የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤትም በ2016 ባወጣው ሪፖርት የከተማዪቱ ፖሊስ ሰዎችን ያለ በቂ ምክንያት የማስቆምና የመፈተሽ ልማድ እንዳለው፣ ሸክሙም ይበልጡን በጥቁር ነዋሪዎች ላይ እንደሚወድቅ ገለጸ። ግሬይ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2021፣ የግዛቱ ምክር ቤት የገዥውን እገዳ በድምፅ ብልጫ ሽሮ የ1974ቱን ሕግ አነሣው፤ በምትኩም እርስዎ የሚጠይቁኝን ቦርድ በየካውንቲው እንዲቋቋም አዘዘ። አዲሱ ሥርዓት በሥራ ላይ የዋለው ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ነው።

አሁን አንድ አቤቱታ የሚሄድበትን መንገድ ልከተል። አቤት ባዩ አቤቱታውን ለፖሊስ መምሪያው ወይም በቀጥታ ለቦርዱ ሊያቀርብ ይችላል፤ ቦርዱ ከተቀበለ በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው መምሪያ ያስተላልፈዋል። ምርመራውን የሚያካሂደው መምሪያው ራሱ ነው። ምርመራው ሲያልቅ ግን ማኅደሩ ወደ ፖሊስ ኃላፊው ጠረጴዛ ከመሄዱ በፊት የአስተዳደራዊ ክስ ኮሚቴ ወደሚባል አምስት ሲቪሎች ወዳሉበት አካል ይመጣል፤ አንዱ የቦርዱ ሰብሳቢ ወይም እርሱ የሚወክለው አባል፣ ሁለቱ በቦርዱ የተመረጡ፣ ሁለቱ ደግሞ በካውንቲው አስተዳዳሪ የተመረጡ ናቸው። ኮሚቴው ማኅደሩን ያነብባል፣ ፖሊሱ ደረቱ ላይ የሚያደርገውን ካሜራ ቅጂ ይመለከታል፣ የፖሊስ አባሉን ከተወካዩ ጋር ጠርቶ ሊጠይቅ ይችላል፣ ከዚያም አባሉ ይከሰስ ወይስ አይከሰስ የሚለውን ይወስናል። ይከሰስ ካለ በግዛቱ ወጥ የቅጣት ሰንጠረዥ መሠረት የሚገባውን ቅጣት በጽሑፍ ያቀርባል። ኃላፊው በሰንጠረዡ ውስጥ ቅጣቱን ከፍ ማድረግ ይችላል፤ ከኮሚቴው ሐሳብ ዝቅ ማድረግ ግን አይችልም። አባሉ ቅጣቱን አልቀበልም ካለ ጉዳዩ ሦስት ሰዎች ወደሚሰየሙበት የዲሲፕሊን ችሎት ይሄዳል፤ አንዱ በሥራ ላይ ያለ ወይም ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ አንዱ ቦርዱ የሚመድበው ሲቪል፣ አንዱ ከተከሳሹ ጋር እኩል ማዕረግ ያለው የፖሊስ አባል ነው። ችሎቱ በመርሕ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሕጉ ሲወጣ ከአቤቱታው ቀን ጀምሮ እስከ ኮሚቴው ውሳኔ ድረስ ላለው ሂደት ያስቀመጠው ገደብ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነው፤ ገደቡን የሚመለከተው አንቀጽ ዛሬ በምን ቃል እንዳለ ከማመልከትዎ በፊት ከካውንቲዎ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰዎች እምብዛም የማያነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ የምሰስተው አንድ ሥልጣን አለ፤ ኮሚቴው ማኅደሩ ጎደሎ ነው ብሎ ሲያምን ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ፣ መጥሪያም እንዲወጣ ማዘዝ ይችላል። የሥርዓቱ ትልቁ ድክመት መርማሪው የመምሪያው ባልደረባ መሆኑ ነው። የሥራ ባልደረባውን የሚመረምር ሰው ብዙውን ጊዜ ውሸት አይጽፍም፤ ያልጠየቀውን ጥያቄ ነው የሚተወው። ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ባለ ሱቅ አልጠራውም፤ የሁለተኛውን ፖሊስ ካሜራ አላየውም፤ አቤት ባዩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተናገረውን እንዳለ ገልብጦ ለምን እንዲህ እንዳለ አልጠየቀውም። እንዲህ ያለ ማኅደር ሲነበብ ንጹሕ ይመስላል። እርስዎ ነርስ ነዎትና የሕሙማን መዝገብ ማንበብ ያውቃሉ፤ በሙያችሁ ያልተመዘገበ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ኮሚቴው የሚያስፈልገው ይህንኑ ዓይን ነው፤ «ፖሊስን የሚያውቀው ፖሊስ ነው» ለሚሉት ባለቤትዎም የማቀርበው መልስ ይኸው ነው። የፖሊስን አሠራር ለኮሚቴው አባላት በሥልጠና ያስተምሩአቸዋል፤ ሕጉም ያስገድዳል። ባዶ ቦታን የማየት ልማድ ግን በጥቂት ቀን ሥልጠና አይገኝም።

ምርመራውን ከፖሊስ እጅ ፈጽሞ ማውጣት ይቻላል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ይቻላል፤ ተደርጓልም። የተደረገውም መተማመን የሚባል ነገር ከነአካቴው ባልነበረበት በሰሜን አየርላንድ ነው። ሮያል አልስተር ኮንስታቡላሪ ይባል የነበረው የቀድሞው ፖሊስ በአብዛኛው ፕሮቴስታንቶችን ያቀፈ ስለ ነበር ካቶሊኮቹ እንደ ሌላው ወገን ጦር ያዩት ነበር። በፖሊስ ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ ማን ይመርምር የሚለውን እንዲያጠኑ የተሾሙት ሞሪስ ሄይስ በ1997 ያቀረቡት ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ አቤቱታዎችን ሁሉ የሚቀበልና በራሱ ሰዎች የሚመረምር ነጻ እንባ ጠባቂ ይቋቋም የሚል ነው። መሥሪያ ቤቱ በኅዳር 2000 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዋ እንባ ጠባቂ ኑዋላ ኦሎን ነበሩ። በ1998ቱ የሰላም ስምምነት መሠረት በክሪስ ፓተን የሚመራው ኮሚሽንም በ1999 መቶ ሰባ አምስት የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ፤ ፖሊሱ በ2001 ስሙን፣ መለያውንና የቅጥር ሥርዓቱን ለወጠ፤ ከአዲስ ምልምሎች ግማሹ ካቶሊክ ግማሹ ከሌላው ወገን እንዲሆን ተደንግጎ፣ በለውጡ መጀመሪያ ከመቶ ስምንት ገደማ የነበረው የካቶሊኮች ድርሻ ድንጋጌው በ2011 እስኪያበቃ ድረስ ወደ ሠላሳ ደረሰ። ፖሊሱን የሚጠይቅ አሥራ ዘጠኝ አባላት ያሉት ቦርድም ተቋቋመ፤ ዐሥሩ ፖለቲከኞች፣ ዘጠኙ ገለልተኛ ሰዎች ናቸው።

መተማመኑን ያመጣው ግን አደረጃጀቱ ብቻ ነበር ለማለት ያስቸግረኛል። ኦሎን ሥራ በጀመሩ በዓመታቸው፣ ሃያ ዘጠኝ ሰዎች የሞቱበትን የ1998ቱን የኦማ የቦምብ ፍንዳታ ፖሊስ እንዴት እንደ ያዘው መርምረው ከባድ ወቀሳ አወጡ፤ የፖሊስ ኃላፊው በቁጣ ተቃወሙ፤ እርሳቸው ግን ከጻፉት አልተመለሱም። በጥር 2007 ደግሞ የፖሊስ የመረጃ ክፍል ገዳዮች የሆኑ ጠቋሚዎቹን ለዓመታት እንደ ሸሸገ የሚገልጽ ሪፖርት አሳተሙ። በዚያው ወር፣ በአብዛኛው ካቶሊኮች የሚደግፉትና እስከዚያ ድረስ ፖሊስን አልቀበልም ይል የነበረው ሺን ፌን የተባለ ፓርቲ በጉባኤው ፖሊስን ለመደገፍ ድምፅ ሰጠ። ድምፁ የረዥም የፖለቲካ ድርድር ውጤት ስለ ነበር የሪፖርቱ ውጤት ነው አልልም። ነገር ግን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመንግሥት ፖሊስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ በአደባባይ ሲያወጣ ያየ ሕዝብ፣ «እኔም አቤት ብል ይሰማኝ ይሆናል» ብሎ ለማሰብ ምክንያት ያገኛል።

ይኸው መሥሪያ ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገጠመው ነገር ደግሞ እንደ ማስጠንቀቂያ ሊነበብ ይገባዋል። በ2011 የወጣ የመንግሥት የቁጥጥር ሪፖርት በኦሎን ተተኪ በአል ሃቺንሰን ዘመን የመሥሪያ ቤቱ ነጻነት ዝቅ ማለቱን፣ የቆዩ ግድያዎችን የሚመለከቱ ሪፖርቶችም ከመታተማቸው በፊት መለዋወጣቸውን ገለጸ፤ የቆዩ ጉዳዮች ምርመራ ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ፤ እርሳቸውም በ2012 መጀመሪያ ሥራቸውን ለቀቁ። ሕጉ ያው ነበር፤ ሕንፃው ያው ነበር፤ ሥልጣኑም አልተቀነሰም። የተለወጠው በውስጡ ያሉት ሰዎች ሥልጣናቸውን የሚጠቀሙበት ድፍረት ነው።

ከእኛ ወገን የቀረበ ምሳሌ የሚያስፈልግዎ ከሆነ እስራኤል አለች። በዚያ የፖሊስ አባላትን ወንጀል የሚመረምረው ክፍል ከ1992 ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለ ነው፤ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድም በዕብራይስጥ አጠራሩ «ማሐሽ» ተብሎ ይታወቃል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሜሪላንድ እስካሁን ያላገኘችውን ነገር ያገኘ ነው፤ ከፖሊስ ውጭ የሆነ፣ ራሱ የሚመረምር አካል ነው። ሆኖም በሚያዝያ 2015 ሆሎን ከተማ ውስጥ የጦር ሠራዊት ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲወጣ፣ በሰኔ 2019 መጨረሻም ከሥራ ውጭ የነበረ ፖሊስ በሐይፋ የ18 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ልጅ ተኩሶ ሲገድል፣ ወጣቶቹ መንገድ ዘግተው በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ የጮኹት ማሐሽን ስለማያምኑ ጭምር ነው። ለምን ቢባል መርማሪዎቹ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ከፖሊስ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በላይ እስራት የማያስቀጡ አቤቱታዎች ተመልሰው ወደ ፖሊሱ የዲሲፕሊን ክፍል ይሄዳሉ፤ ያለ ክስ የሚዘጉት ማኅደሮች ብዛትም ወላጆችን ተስፋ አስቆርጧል። ከ2015ቱ ሰልፎች በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በ2016 ሃምሳ ሦስት የማሻሻያ ሐሳቦችን አቅርቧል፤ በሚኒስቴሩም ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተቋቁሟል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ያው ቁጣ ተመልሶ ጎዳና ላይ ወጣ።

ስለዚህ ነጻ መሆን አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አያሳምንም። ሰው የሚታመነው በምንድን ነው የሚለውን ለዓመታት ያጠና ቶም ታይለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር አለ። በ1980ዎቹ የቺካጎ ነዋሪዎችን ጠይቆ ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ በሙያችን መነሻ ነው፤ ሰዎች ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር የነበራቸውን ግንኙነት የሚመዝኑት በውጤቱ ብቻ አይደለም፤ ተደምጫለሁ ወይ፣ በክብር ተይዣለሁ ወይ፣ ምክንያቱ ተነግሮኛል ወይ በሚሉት ጥያቄዎች አጥብቀው ይመዝኑታል። ይህ ለእኔ በአንድ ደብዳቤ ተገልጦልኛል። ከዓመታት በፊት በሌላ ግዛት አንድ የታክሲ ሹፌር ወገናችን በአንድ ፖሊስ ላይ ስላቀረበው አቤቱታ የመጣለትን መልስ እንዳነብለት አመጣልኝ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ የመጣ ወረቀት ነበር፤ አቤቱታው «አልተረጋገጠም» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ማንን እንደ ጠየቁ፣ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደ ጎደላቸው አይናገርም። ሹፌሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ «ውሸታም ነህ ነው ያሉኝ አይደል?» አለኝ። በሕጉ ቋንቋ «አልተረጋገጠም» ማለት ማስረጃው ወደ የትኛውም ወገን አላጋደለም ማለት እንጂ ውሸት ተናግረሃል ማለት አይደለም፤ ይህንን ባስረዳውም አላመነኝም፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም የማምን አይመስለኝም።

በሜሪላንድ ኮሚቴው የፖሊስ አባሉ አይከሰስም ሲል ከውሳኔዎቹ ሁለቱ በተለይ መለየት አለባቸው። አንዱ የቀረበው ክስ በእውነታ አልተደገፈም የሚል ነው፤ ሌላው ድርጊቱ ተፈጽሟል፣ ነገር ግን ከሕግና ከመምሪያው መመሪያ ጋር የተጣጣመ ነው የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ለእርስዎ ቦርድ እጅግ ጠቃሚ ነው። አንድ ፖሊስ ልጅን እጁን አስሮ አስፋልት ላይ ማስተኛቱ መመሪያው የሚፈቅደው ከሆነ ጥፋቱ የመመሪያው ነውና፣ መመሪያው ይለወጥ ዘንድ የሚጠይቅ አካል ያስፈልጋል። ቦርዱ የኮሚቴውን ውሳኔዎች በየሦስት ወሩ እንዲገመግም፣ ከካውንቲው የፖሊስ ኃላፊዎች ጋር እንዲሰበሰብ፣ በየዓመቱም እስከ ታኅሣሥ 31 ድረስ የታየውን አዝማሚያና የሚለወጥ ፖሊሲ ካለ በሪፖርት እንዲያቀርብ ሕጉ ያዘዘው ለዚህ ነው። ከመመሪያ ጋር የሚጣጣሙ ነገር ግን ሕዝብ የሚያስመርሩ አቤቱታዎችን ለይቶ የሚቆጥር ሪፖርት በጣም ጥቂት ቦታ ነው ያየሁት። ደግሞም ኮሚቴው ፖሊሱ ትክክል ሠርቷል ሲል ምክንያቱን ዘርዝሮ ቢጽፍ በሐሰት የተከሰሰ ፖሊስ ስሙ ይነጻል፤ ሥርዓቱን የሚፈሩ የፖሊስ አባላትም ጥቅሙን የሚያዩት በዚህ በኩል ነው።

ከጎረቤታችሁ ከዋሽንግተን ዲሲ ሁለት ነገር ልጨምር። በግንቦት 1991 ማውንት ፕሌዛንት በሚባለው ሰፈር አንዲት ፖሊስ አንድ የኤል ሳልቫዶር ስደተኛ ተኩሳ ስታቆስል ሰፈሩ ለቀናት ተረበሸ። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ በሲቪሎች የሚመራ የአቤቱታ ቦርድ ነበራት፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሠርቷል፤ ነገር ግን በጀቱ አንሶ ማኅደር እየተከመረበት፣ አቤት ባይም እየተሰላቸ ቆይቶ በ1995 ተዘጋ። የዛሬው የፖሊስ አቤቱታዎች ጽሕፈት ቤት በ2001 ሥራ እስኪጀምር ድረስ ለዓመታት የሲቪል አካል አልነበረም። ባዶ በጀት ያለው ቦርድ ከነጭራሹ ቦርድ ካለመኖሩ ይከፋል፤ ሰው አቤት ብሎ የማይመለስለት ከሆነ ከመጀመሪያው ባይሄድ ይመርጣልና። ከማመልከትዎ በፊት ቦርዱ ስንት ቋሚ ሠራተኛ እንዳለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ሽምግልና ነው። በዲሲው ጽሕፈት ቤት ቀለል ያሉ አቤቱታዎች፣ ለምሳሌ ስድብና የንቀት ቃል፣ ወደ ሽምግልና ሊመሩ ይችላሉ፤ አካላዊ ጉዳት የደረሰባቸው ግን አይመሩም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በተመሳሳይ ጥፋት አንድ ጊዜ ለሽምግልና የቀረበ ፖሊስም አይደገምለትም። ቃሉ ለጆሯችን የለመደ ስለ ሆነ ሰዎቻችን ከአገር ቤቱ ሽምግልና ጋር ያደባልቁታል። የእኛ ሽማግሌ ይፈርዳል፣ ይገሥጻል፣ ካሣም ይቆርጣል፤ ከታወቀ ቤተሰብ የመጣ ስለ ሆነም ቃሉ ይከብዳል። የዲሲው አሸማጋይ ግን ከውጭ የመጣ ገለልተኛ ሰው ነው፤ ማን አጠፋ ብሎ አይፈርድም፤ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ያነጋግራቸዋል፤ የተባለውም ምስጢር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ፖሊሱ «ያን ዕለት ያሰብኩት ይህንን ነበር» ሲል መስማቱ ለአቤት ባዩ ከቅጣት ይልቅ ያረካዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ሽምግልናው አቤቱታን በርካሽ ለመዝጋት የሚውልበት ጊዜም አለ፤ ምልክቱም አቤት ባዩ አስተርጓሚ ሳይኖረው እሺ ማለቱ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማዪቱ መሥሪያ ቤቶች ሊያስተናግዱአቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። በእርስዎ ካውንቲ የአቤቱታው ቅጽ በአማርኛ ይገኝ እንደ ሆነ፣ አቤት ባዩ ቃሉን ሲሰጥ በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ ይቀርብለት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ስብሰባዎ ሊጠይቁ ይችላሉ። እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ትክክል ናቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእነርሱ እለያለሁ። አማርኛ ተናጋሪ አባል ስለ ገባ ወገኖቻችን አቤት ማለት ይጀምራሉ ብለው ከሆነ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለልን ነው ያደግነው፤ ዩኒፎርም የለበሰን ሰው መክሰስ በአብዛኞቻችን አእምሮ መዘዝ መጥራት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ወይም የዜግነት ማመልከቻው ይበላሽብኛል ብሎ የሚሰጋም ብዙ ነው። በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም በ2000 በአዋጅ ተቋቁመዋል፤ መርምረው ሪፖርት ያወጣሉ፤ ሐሳብ ያቀርባሉ፤ በአንድ ፖሊስ ላይ የዲሲፕሊን ውሳኔ የሚሰጥ ሲቪል አካል ግን በልምዳችን ውስጥ የለም። ስለዚህ የእርስዎ ቦርድ ለእናቶቻችንና ለሹፌሮቻችን እንግዳ ነገር ነው። አቤት ባይ ያልመጣው ችግር ስለሌለ ነው ብሎ የሚደመድም የፖሊስ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ካጋጠመዎ ይህንን ያስረዱት።

እርስዎ ራስዎም የወገን ጠበቃ ሆነው እንዳይገቡ አደራ እላለሁ። የሚያውቁት ሰው ማኅደር ቢቀርብ ከውሳኔው ራስዎን ማግለል አለብዎ፤ በማኅደር ያዩትንም በማኅበርና በለቅሶ ቤት ሊያወሩት አይችሉም። ይህ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል፤ ሰዎች «አንቺ እዚያ ሆነሽ ለምን ዝም አልሽ?» ማለታቸው አይቀርም። በሌላ በኩል ደግሞ አብረዋቸው ቡና የሚጠጡአቸው፣ በመኪናቸው አዙረው ሥራቸውን የሚያሳዩዎት የፖሊስ አዛዦች ደግ ሰዎች ሆነው ያገኙአቸዋል፤ የሰሜን አየርላንዱ መሥሪያ ቤት በ2011 የደረሰበት ነገር በቁጣና በዛቻ ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ አብሮ የመሥራት ምቾትም ነጻነትን ያሳጣል።

እንግዲህ ያመልክቱ። ሲያመለክቱ ግን ቦርዱንና የክስ ኮሚቴውን ለይተው ይወቁ። ቦርዱ ፖሊሲ የሚያይ፣ ሰው የሚመድብ፣ ሪፖርት የሚጽፍ ነው፤ ማኅደር የሚነበበውና ቪዲዮ የሚታየው በኮሚቴው ነው። ቦርዱ ሁለት ሲቪሎችን ለኮሚቴው ስለሚመርጥ የእርስዎ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው በዚያ ይመስለኛል። ሥራው ግን ከባድ ነው፤ ስብሰባው ይበዛል፤ ሰው ሲመታና ሲያለቅስ የሚያሳይ ቪዲዮ ደጋግሞ መመልከት አለ፤ አንዳንዱም በሌሊት ፈረቃ ማግስት ይሆናል። አለቃዎን ፈረቃ ስለ መቀየር አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ባለቤትዎንም ወደ አንዱ ክፍት የዲሲፕሊን ችሎት ይዘዋቸው ሂዱና ፖሊሱ፣ ሲቪሉና ዳኛው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሲጠይቁ ይመልከቱ።